በቤት ለሚሠራ የከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተር የፕላስቲኩን ውፍረት በምን ልወስን?

ጀማሪ ኮይል

ሰላም ለሁላችሁ። ለትንሽ ቴስላ ኮይል (በአየር ላይ ረጅም ብልጭታ ለሚያወጣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያ) የሚሆን ካፓሲተር በራሴ እጅ ልሠራ አስቤያለሁ። ትራንስፎርመሩ የኒዮን ነው፤ 9 ኪሎ ቮልት፣ 30 ሚሊ አምፒር፣ 50 ኸርዝ። ካፓሲተሩ ወደ 10 ናኖፋራድ ቢሆን ይበቃል ብያለሁ። በመሃል የሚገባው ንጹህ ፖሊኢታይሊን ነው፣ ፕሌቶቹ የአሉሚኒየም ፎይል።

ሒሳቤ እንዲህ ነው። 9 ኪሎ ቮልቱ አርኤምኤስ (የተለዋዋጭ ቮልቴጅ ውጤታማ ዋጋ) ስለሆነ ጫፉ 12.7 ይደርሳል። ሰንጠረዦች ፖሊኢታይሊን በሚሊሜትር 20 ኪሎ ቮልት ገደማ ይችላል ይላሉ። 12.7ን ለ20 ሳካፍል 0.64 ሚሊሜትር መጣልኝ። ትንሽ ጨምሬ 0.75 ባደርገው 0.38 ካሬ ሜትር ፊት ይበቃኛል። ከዚያ በላይ ካወፈርኩት ዕቃው በጣም ይተልቅብኛል። ምን ትላላችሁ?

ተከታታይ

ወንድሜ፣ ከውፍረቱ በፊት 10 ናኖፋራዱን ተወው። 9 ኪሎ ቮልትና 30 ሚሊ አምፒር ያለው ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ የሚሰምረው 10.6 ናኖፋራድ ላይ ነው። እዚያ አካባቢ ከሆንክ ከትራንስፎርመሩ ኢንደክታንስ ጋር ሬዞናንስ ይገባል። ስፓርክ ጋፑ (ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት) በሆነ ምክንያት ሳይተኩስ ከቀረ ቮልቴጁ 12.7 ላይ አይቆምም፣ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ 0.75 ብትል 1 ብትል ለውጥ የለውም፣ ይበሳል። አንድ ተኩል ጊዜ አሳድገው፣ 16 ናኖፋራድ አድርገው። ትራንስፎርመሩ ጫፍና ጫፍ ላይ ደግሞ የመጠበቂያ ክፍተት የግድ አድርግ።

ዘይት ውስጥ

ተከታታይ ያለው ትክክል ነው፤ ከእሱ ጀምር።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ልጄ፣ ማካፈሉን በትክክል ሠርተሃል፤ ችግሩ ያለው 20 ላይ ነው። ያ ቁጥር የሚለካው በላብራቶሪ ነው። ኤሌክትሮዶቹ ትንንሽና ጠርዛቸው የተድቦለቦለ ነው፣ ሉሁ አዲስና ንጹህ ነው፣ ቮልቴጁም እስኪበሳ ድረስ በአጭር ጊዜ ይጨመራል። አንተ የምትሠራው ዕቃ ሰፊ ነው፣ ፎይሉ እንደ ምላጭ ስል ጠርዝ አለው፣ ቮልቴጁም በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይገለበጣል። ከሁሉም በላይ ግን አየር አለበት። ፎይል ፕላስቲክ ላይ ስታስተኛ የቱንም ያህል ብትጫነው ተለጥፎ አይቀርም። ሽብሽቡ ውስጥ፣ ጠርዙ ሥር፣ በየቦታው ስስ አየር ይቀራል።

ያ አየር ምን ያደርጋል? 1 ሚሊሜትር ፖሊኢታይሊን ላይ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ የሚሆን የአየር ክፍተት አለ እንበል። 10 ኪሎ ቮልት ስትሰጠው ፕላስቲኩ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ (ከባዶ ቦታ አንጻር የካፓሲተሩን አቅም ስንት እጥፍ እንደሚያደርገው የሚናገረው ቁጥር) 2.25 ስለሆነ በሚሊሜትር 8 ኪሎ ቮልት ገደማ ይሸከማል። አየሩ ግን ኮንስታንቱ 1 ነው፤ እሱ ላይ በሚሊሜትር ከ18 ኪሎ ቮልት በላይ ያርፋል። ደካማው ነው ከባዱን የሚሸከመው። እንዲህ ያለች ክፍተት ወደ 1 ኪሎ ቮልት ሲደርስባት ትፈነዳለች፣ እዚህ ግን ድርሻዋ 1.8 ኪሎ ቮልት ነው። ቀስ እያልክ ብትጨምር ገና ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቮልት ላይ ስትደርስ ውስጥ ለውስጥ መተኮስ ይጀምራል። እሱ ነው ኮሮና የምንለው። በጆሮ እንደ ጭስታ (ሽሽሽ የሚል ድምፅ) ይሰማል፣ የኦዞን ሽታ አለው፣ መብራት ስታጠፋ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ፕላስቲኩን አንድ ጊዜ አይበሳውም። ቀስ በቀስ ይልጠዋል።

ሰዎች የተበሳባቸውን ካፓሲተር ሲያመጡልኝ እፈታለሁ። የማየው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የፎይሉን ጠርዝ ተከትሎ ፕላስቲኩ ላይ የደበዘዘ ነጭ መስመር አለ፤ በጣት ሲዳሰስ ሻካራ ነው። መስመሩ ላይ የሆነ ቦታ የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥቁር ነጥብ ትገኛለች፣ ዙሪያዋን የቀለጠ ቀለበት አለ። ፎይሉ ላይ በዚያው ትይዩ ከነጥቧ በጣም የሚሰፋ ቀዳዳ ተቃጥሎ ይገኛል። መሃል ሜዳው ላይ የተበሳ ብዙም አላይም። ጠርዝ፣ ጥግ፣ ወይም ፎይሉ የታጠፈበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ፕላስቲኩ ስንት ይችላል ብለህ ከመነሳትህ በፊት አየሩን እንዴት ላስወጣው በል። ዘይት ውስጥ ከከተትከው የዘይቱ ኮንስታንት 2.2 ገደማ ስለሆነ ከፖሊኢታይሊኑ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ያቺው ክፍተት በዘይት ስትሞላ የሚያርፍባት ከ18 ወደ 9 ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ዘይት ከአየር በብዙ እጥፍ ይችላል። ያኔ ውፍረቱን በሰላም መምረጥ ትችላለህ። እኔ በዘይት ውስጥ ላለ፣ ለቴስላ ኮይል ለሚሆን ፖሊኢታይሊን በሚሊሜትር ከ6 እስከ 7 ኪሎ ቮልት ጫፍ ላይ እቆማለሁ። ለአንተ 2 ሚሊሜትር ማለት ነው።

ጀማሪ ኮይል

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። አየሩ ላይ እንዲህ የሚከብድ አልመሰለኝም ነበር። ግን በ2 ሚሊሜትርና በ16 ናኖፋራድ ሳሰላው 1.6 ካሬ ሜትር መጣልኝ! ይሄ ከመጀመሪያው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። የማምለጫ መንገድ የለም? ሁለት ስስ ካፓሲተር ሠርቼ በተከታታይ ባያይዛቸውስ?

ሰማያዊ ብልጭታ

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ካፓሲተር በተከታታይ ስታያይዝ አቅሙ በግማሽ ይወርዳል። 16 ለማግኘት እያንዳንዱ 32 ናኖፋራድ መሆን አለበት። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ስፋቱ ግን ለእያንዳንዱ ያው 1.6 ካሬ ሜትር ነው። 1.6 ካሬ ሜትር በ2 ሚሊሜትር 3.2 ሊትር ፕላስቲክ ነው። ሁለት ጊዜ 1.6 በ1 ሚሊሜትርም 3.2 ሊትር ነው። ምንም አላተረፍክም፤ ፎይል ብቻ ጨመርክ።

ምክንያቱ ጉልበቱ ያለው ፕላስቲኩ ውስጥ መሆኑ ነው። 16 ናኖፋራድ በ12.7 ኪሎ ቮልት 1.3 ጁል ገደማ ይይዛል። ፖሊኢታይሊን በሚሊሜትር 6.4 ኪሎ ቮልት ጫና ሲያርፍበት በሊትር 0.4 ጁል ነው የሚይዘው። 1.3ን ለ0.4 አካፍለው፣ 3.2 ሊትር ነው። አወፈርከው፣ አሳሳኸው፣ ከፋፈልከው፣ ጥቅልልም ሆነ ንብርብር አደረግከው፣ የፕላስቲኩ መጠን አይቀየርም። የሚቀይረው የመስክ ጫናው ብቻ ነው። ጫናውን እጥፍ ካደረግከው ፕላስቲኩ ወደ ሩብ ይወርዳል። መጀመሪያ ያሰብከው ዕቃ ትንሽ የሆነልህ በዚህ ነው፤ ጫናውን በሚሊሜትር 17 ኪሎ ቮልት አድርገኸው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ጫናውን ወስን። ውፍረቱ ከእሱ በኋላ የሚመጣ የቅርጽ ጉዳይ ነው።

ተከታታይ

ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን በተከታታይ ማያያዝን እንዲህ በቀላሉ አትጣይው እህቴ። ፎይል ጠርዝ ላይ ያለው ኮሮና የሚያየው ጠቅላላውን ቮልቴጅ ነው። 12.7 የነበረው ለእያንዳንዱ 6.4 ሲሆን ጠርዙ በጣም ይረጋጋል። በፕላስቲኩ ፊት ላይ ለሚሮጠው ብልጭታ የሚተወው ኅዳግም በግማሽ ይቀንሳል። እኔ በአየር ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ቮልት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ባዶ ፕላስቲክ እተዋለሁ።

ሰማያዊ ብልጭታ

በዚህ እስማማለሁ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ስስ ፕላስቲክ በሚሊሜትር ሲሰላ ከወፍራሙ የበለጠ ይችላል። በግምት ውፍረቱን እጥፍ ብታደርገው የሚችለው ቮልቴጅ እጥፍ አይሆንም፣ 1.4 ጊዜ ያህል ነው የሚያድገው። ለዚህም ነው 25 ማይክሮን የማይላር (የፖሊስተር ፕላስቲክ) ፊልም ወደ 7 ኪሎ ቮልት ይችላል ተብሎ ሲጻፍ የምታየው። በሚሊሜትር ስታሰላው 280 ኪሎ ቮልት ነው! ያን ቁጥር ይዘህ ግን ወፍራም ሉህ ላይ እንዳትሄድ። ስስ ፊልሙም ቢሆን ቁጥሩ የሚለካው ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ስፋት በጨመርክ ቁጥር ደካማ ነጥብ የማግኘት ዕድልህ ይጨምራል፤ አንዷ ቀዳዳ ደግሞ ትበቃለች።

ሁለት ድርብ

ለዚህ መፍትሔው መደረብ ነው። አንድ 1 ሚሊሜትር ሉህ ከማስገባት ሁለት 0.5 ማስገባት። የአንዱ ሉህ ደካማ ነጥብ ከሌላው ደካማ ነጥብ ጋር የመግጠም ዕድሉ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ከዚህ ውጭ አልሠራም።

ዘይት ውስጥ

በዘይት ከሆነ እሺ። በደረቁ ከሆነ ግን ተው። በድርቦቹ መሃል አየር ይቀራል፤ እያንዳንዱ ድርብ አዲስ የአየር ክፍተት ነው የሚጨምርልህ። በደረቁ አራት ድርብ ካደረግከው ከአንዱ ሉህ የባሰ ነው። መደረብና ዘይት አብረው ነው የሚሄዱት።

ሁለት ድርብ

ልክ ብለዋል ጋሼ፤ እኔም ያልኩት በዘይት ለሚሠራው ነው። ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ስስ ሉህን በካሊፐር አንዱን ብቻ ይዛችሁ አትለኩ። አሥሩን ደርባችሁ ለኩና ለአሥር አካፍሉ። ውፍረቱም ከዳር እስከ ዳር አንድ ላይሆን ስለሚችል ብዙ ቦታ ላይ ለኩ፤ ሒሳቡን በስሱ ቦታ ሥሩ። ሉሁን ደግሞ ወደ መብራት አንሱና በእሱ ውስጥ እዩት። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ጭረት ካለ ያን ቁራጭ ለሌላ ሥራ አስቀምጡት። ጥቁር ላስቲክ በጭራሽ አይሆንም፤ ጥቁር የሚያደርገው ካርቦን ነው።

ጠርሙስ

ለምን በመስታወት አትሠራውም? የተራ መስታወት ኮንስታንቱ 7 ገደማ ነው። በ3 ሚሊሜትር 16 ናኖፋራድ ለማግኘት 0.77 ካሬ ሜትር ይበቃል፣ ጫናውም በሚሊሜትር 4.2 ብቻ ነው። ዘይት የለ፣ ጥቅልል የለ። ዛሬ የመጣ ነገርም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1745 እና በ1746 የላይደን ጠርሙስ የተጀመረው በመስታወት ነው። ኒኮላ ቴስላ ራሱ በ1899 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ በጨው ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶችን ነው ካፓሲተር ያደረገው።

ሰማያዊ ብልጭታ

የጨው ውሃው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሰው የማያስተውለው ጥቅም አለው። ውሃ መስታወቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚተኛ በውስጥ በኩል የአየር ክፍተት አይኖርም። ፎይል ከሚለጠፍበት ጠርሙስ ይሻላል።

የመስታወት ችግሩ ብክነቱ ነው። የፖሊኢታይሊን የብክነት መጠን 0.0002 ገደማ ነው፤ የተራ መስታወት ወደ 0.01 ይጠጋል። ኮይሉ ሲርገበገብ በእያንዳንዱ ዙር ካፓሲተሩ የሚያባክነው የዚያን ቁጥር 6.28 እጥፍ ነው። መስታወት በየዙሩ ከጉልበቱ 6 በመቶ ይበላል። አሥር ዙር ሲሞላ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፖሊኢታይሊን በዚያው አሥር ዙር የሚበላው 1 በመቶ ከትንሽ ነው። የተበላው ሙቀት ነው የሚሆነው፤ መስታወት ሲሞቅ ብክነቱ ይብሳል፣ መጨረሻ ላይ ይሰነጠቃል። ማወፈር ደግሞ አያድንም። ብክነቱ የቁሱ ጠባይ እንጂ የውፍረቱ አይደለም፤ ወፍራም ሲሆን እንዲያውም የመሃሉ ሙቀት መውጫ ያጣል።

ለዚሁ ምክንያት ፒቪሲንም አልመክርም። ማይላርም ለቀጥታ ቮልቴጅ ግሩም ነው፣ ለቴስላ ኮይል ግን ይሞቃል።

ማርክስ ወዳጅ

ጥያቄ አለኝ። የእኔ ሥራ ቀጥታ ቮልቴጅ ነው። በ10 ኪሎ ቮልት እሞላውና አንድ ጊዜ እተኩሳለሁ። ለእኔም በሚሊሜትር 6 ነው?

ዘይት ውስጥ

ለአንተ ይላላል። በቀጥታ ቮልቴጅ ክፍተቷ አንዴ ተኩሳ ቻርጁ ፕላስቲኩ ላይ ያርፍና መስኩን ይቀንሰዋል፤ እንደገና እስክትተኩስ ጊዜ ይወስዳል። በተለዋዋጩ ግን በየዙሩ ትተኩሳለች። ያው በዘይት ከሆነ በሚሊሜትር 10 ድረስ ብትሄድ አይከፋም፤ አንተም 1 ሚሊሜትር በሁለት ድርብ ይበቃሃል። ግን ስትተኩሰው ቮልቴጁ ወደ ተቃራኒው ጎን በኃይል የሚገለበጥ ከሆነ እንደ ቀጥታ አትቁጠረው፤ ወደ ጀማሪው ቁጥር ተመለስ።

ተከታታይ

ይሄን ሁሉ ድካም ለማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለ። የፋብሪካ የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተር፣ 150 ናኖፋራድ በ2000 ቮልት ቀጥታ፣ ለከፍተኛ ፐልስ የተሠራውን ዓይነት፣ 9ኙን በተከታታይ ብታያይዝ 16.7 ናኖፋራድ በ18 ኪሎ ቮልት ይሆናል። መጠኑ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ትንሽ የሆነው ፊልሙ በማይክሮን የሚለካ፣ አየሩም በፋብሪካ የወጣለት ስለሆነ ነው። ሲበሳም ስሱ የብረት ቅብ በቀዳዳው ዙሪያ ይተንና ራሱን ያድናል። የእኛ ፎይል ወፍራም ስለሆነ ይሄን አያደርግም፤ አንዴ ከተበሳ አበቃ።

ጀማሪ ኮይል

እሱን አውቃለሁ ወንድሜ፣ ግን መሥራቱን ራሱን ነው የምፈልገው።

እስካሁን ያላችሁትን ይዤ እንዲህ አሰብኩ። ሁለት ጥቅልል በተከታታይ፣ እያንዳንዱ 32 ናኖፋራድ። ዳይኤሌክትሪኩ 1 ሚሊሜትር፣ ከሁለት 0.5 ሉህ። ጥቅልል ላይ የፎይሉ ሁለቱም ፊት ስለሚሠራ 1.6 ካሬ ሜትሩ በ25 ሴንቲሜትር ስፋት ሲሰላ 3.2 ሜትር ርዝመት ይሆናል። ለአንድ ጥቅልል አራት የ0.5 ሉህ ያስፈልገኛል ማለት ነው። ሲጠቀለል ዲያሜትሩ ወደ 9 ሴንቲሜትር ይመጣል፣ ስለዚህ 11 ሴንቲሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ጠርዝ ላይ 4 ሴንቲሜትር እተዋለሁ። ሁሉም ዘይት ውስጥ። ምን ይጎድላል?

ሰማያዊ ብልጭታ

ሒሳቡ ንጹህ ነው፣ ጫናው በሚሊሜትር 6.4 ነው። አንድ ለውጥ ብቻ። ግንኙነቱን በአንድ ቦታ በምላስ (በአንዲት ጠባብ የፎይል ቁራጭ) አታውጣ። አንዱን ፎይል ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አስወጣውና ዳሩን በሙሉ ሰብስበህ እሰረው። 4 ሴንቲሜትሩን ባዶ የምትተወው ፎይሉ በማይወጣበት ጎን ነው። ጅረቱ በመቶዎች አምፒር ሊሆን ስለሚችል በአንዲት ምላስ ከሄደ እዚያ ጋ ይቃጠላል፣ ኢንደክታንሱም ይጨምራል።

ሁለት ድርብ

በማይወጣው ጎን የፎይሉን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈው፤ የተድቦለቦለ ይሆናል። ጥጎቹንም በመቀስ ክብ አድርገህ ቁረጣቸው።

ዘይት ውስጥ

ስትጠቀልል በጣም አታጥብቀው፤ ዘይቱ መግቢያ ይፈልጋል። ከዚያ ቱቦውን አቁመህ ዘይቱን ከሥር ወደ ላይ ቀስ ብለህ ሙላው፣ አየሩ በላይ በኩል እንዲሸሽ። ቫኪዩም ፓምፕ ካለህ አየሩን ሳብ፣ አረፋው እስኪያቆም ጠብቅ፣ ከዚያ አየር ልቀቅበት። ቫኪዩም ላይ እያለ ግን ቮልቴጅ አትስጠው፤ የሳሳ አየር በጣም በትንሽ ቮልት ይተኩሳል። ፓምፕ ከሌለህ ለጥቂት ቀናት ተወው፣ አልፎ አልፎም ቱቦውን ከጎን መታ መታ አድርገው።

መጀመሪያ ስትሞክረው ስፓርክ ጋፑን ጠበብ አድርግ፣ በቫሪያክም (ቮልቴጁን ቀስ በቀስ በሚያሳድገው ትራንስፎርመር) ከዝቅተኛው ጀምር። ርቀህ ቆመህ አዳምጥ። ጭስታ ከሰማህ አየር አለ ማለት ነው፤ አጥፋና እንደገና ጠብቅ።

ጀማሪ ኮይል

እሺ ጋሼ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ማፍሰሻ ሬዚስተሩን (ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን ቻርጅ የሚያወጣውን) በስንት ላድርገው? 10 ሜጋ ኦም አንድ ብቻ ይበቃል?

ተከታታይ

አይበቃም። ተራ የግማሽ ዋት ሬዚስተር የሚችለው 350 ቮልት አካባቢ ነው፤ 12.7 ኪሎ ቮልት ብትሰጠው በላዩ ላይ ብልጭታ ይሮጥበታል። 10 ሜጋ ኦም በ9 ኪሎ ቮልት 8 ዋት ይበላል፣ ለእሱም አይሆንም። 2.2 ሜጋ ኦም የሆኑ 40 የግማሽ ዋት ሬዚስተሮች በተከታታይ በይድ፤ 20ውን በአንዱ ጥቅልል፣ 20ውን በሌላው ላይ። እያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 318 ቮልት ነው፣ ሙቀቱም አይሰማም። በ7 ሴኮንድ ገደማ ካፓሲተሩ ይወርዳል፤ በሁለቱ ጥቅልሎች መሃል ቮልቴጁን እኩል ማካፈሉ ትርፍ ነው።

ዘይት ውስጥ

ሰንሰለቱን አትመነው ግን። አንዱ ሬዚስተር ከተቆረጠ ሁሉም ቆመ። ሁልጊዜ ከመንካትህ በፊት ትራንስፎርመሩን ከሶኬት ንቀል፤ እሱ ከካፓሲተሩ ይልቅ የሚገድል ነው። ከዚያ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ ባሰርከው፣ መሬት በተያያዘ ሽቦ ሁለቱንም ጥቅልል ለየብቻ ሾርት አድርግ፤ የመሃሉን መገጣጠሚያ አትርሳ። ሾርት የሚያደርገውን ሽቦም እዚያው ላይ አስረህ ተው። ዳይኤሌክትሪክ ውስጥ የገባ ቻርጅ አንዴ ሾርት ስላደረግከው ሁሉም አይወጣም፤ ቆይቶ ፕሌቶቹ ላይ ይመለሳል። ሽቦውን የምትፈታው ሌላው ሁሉ ተገጣጥሞ፣ አንተም ርቀህ ልትቆም ስትል ነው።

ጀማሪ ኮይል

ገባኝ። ሉሁን ነገ በመብራት ማየት እጀምራለሁ። ጥቅልሎቹ ሲያልቁ የለካሁትን ናኖፋራድና ጭስታው የጀመረበትን ቮልት እዚሁ እጽፋለሁ።